የደላንታዋ እናትና የኔ ልብ ሐኪምነት (ረጅም ነው ታገሱኝ)

ከጦሳ_ስር፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እኔ ብዙ ጊዜ አንብቤ የምወጣ ሰው ነኝ፣ ዛሬ ግን የሆነ ነገር ከንክኖኝ ነው። ጠዋት ራውንድ ላይ አዲስ የገቡ የሲ ዋን (ዋርድ ላይ መማር የጀመሩ የሕክምና) ተማሪዎች ነበሩና አንዷ "ዶክተር ካርዲዮሎጂን (የልብ ሕክምናን) እንዴት መረጡ?" ብላ ጠየቀችኝ። እዛው ቆሜ "ፊዚዮሎጂው ደስ ይለኝ ነበር፣ ጥሩ አስተማሪም ገጥሞኝ" ምናምን ብዬ አለፍኩት። ውሸት አይደለም ግን ሙሉ አይደለም። ቤት ገብቼም አልለቀቀኝም፣ ስለዚህ ሙሉውን እዚህ ልጻፈው።

ኩታበር ተወልጄ ዘጠነኛ ክፍል ደሴ ገባሁ፣ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት። የገጠር ልጅ ሆኖ ደሴ የተማረ ሁሉ ኑሮውን ያውቀዋል፣ ሦስት ሆነን አንድ ክፍል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት የሚመጣ ስንቅ። ስለ ሕክምና ትምህርት ቤቱም ብዙ የማወራው የለኝም፣ አናቶሚ ሸምድደን ሎንግ ኬዝ (በሽተኛ ላይ የሚሰጠውን ፈተና) ፈርተን ተመረቅን። የሥራ ምደባ እጣ ሲወጣ ወሎ ደረሰኝ፣ እናቴ እልል አለች።

የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ክረምት ነው፣ ሌሊት 8 ሰአት ላይ አንዲት ሴት ከደላንታ በኩል አመጡ። እስከ መኪና መንገዱ በቃሬዛ፣ ከዛ እህል የጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ እድሜዋ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ቢሆን ነው። ባሏ ጋቢው በዝናብ ርሶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ከጤና ጣቢያ የመጣው ሪፈር ወረቀት "አስም" ይላል። ጀርባዋን አዳመጥኩ፣ ያፏጫል። ወረቀቱም አስም ይላል፣ ጀርባዋም ያፏጫል፣ ተመርቄ ገና አራት ወሬ ነው፣ በቃ አስም ነው አልኩ። የአስሙን መድኃኒት ሳልቡታሞል ሰጠኋት።

ባሰባት። የልብ ምቷ 140 አለፈ። መተኛት አቃታት፣ ሁለት እጇን አልጋው ጠርዝ ላይ ተክላ ወደ ፊት ደፋ ብላ ተቀመጠችና "ዶክተር ውሃ ውስጥ ነው ያለሁት" አለችኝ። ያን ቃል እስከዛሬ እሰማዋለሁ። ከአፏ ሮዝ አረፋ መውጣት ሲጀምር ነርሷ እኔን ሳትጠይቀኝ ዘበኛውን ወደ ኢንተርኒስቱ (የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስቱ) ቤት ላከችው፣ እግዜር ይስጣት።

እሳቸው የሆስፒታሉ ብቸኛ ኢንተርኒስት ነበሩ፣ ጋሽ ዶክተር ነበር የምንላቸው። ከፒጃማ ላይ ኮት ደርበው መጡ። አልተቆጡኝም። ውሃ የሚያስወጣውን ላዚክስ በደም ስር፣ ኦክስጅን፣ እግሯን ከአልጋው ወደ ታች፣ የልብ ምቷን ረገብ የሚያደርግ መድኃኒት። ከዛ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። የትም አልሄዱም።

ሊነጋጋ ሲል ትንፋሿ ረጋ። "እስቲ ልጄ ወደ ግራሽ ዞር በይልኝ" አሏት። የማዳመጫቸውን ትንሹን ጎን፣ ቤሉን፣ እንዳይቀዘቅዛት መዳፋቸው ላይ ፈተግ ፈተግ አድርገው ከግራ ጡቷ ስር በጣም በስሱ አሳረፉት፣ ቆዳውን ሳይጫኑ። አይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ። ከዛ ቤሉን ካለበት ቦታ ሳያነቃንቁ የጆሮውን ለኔ ሰጡኝ። "ምቱን አትስማ፣ ከምቱ ኋላ ያለውን ስማ። ሩቅ ቤት የሚመታ ድቤ አለ" አሉኝ።

መጀመሪያ ምንም የለም። ጠንካራ ጠቅ የሚል ምት፣ ሁለተኛው ምት፣ እሱን ተከትላ አንዲት ቀጭን ቲክ። ትንፋሼን ስይዝ ግን መጣ፣ ከቲኳ ኋላ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ፣ ከጆሮ ይልቅ አጥንት ላይ የሚሰማ። ወሎ ያደገ ሰው ይገባዋል፣ መውሊድ ሌሊት ከሁለት ሦስት ቤት ማዶ መንዙማ ሲባል ግጥሙ ሳይሰማህ ድቤው ብቻ ግድግዳውን አልፎ እንደሚመጣው ነው።

ሚትራል ስቴኖሲስ ነበር። በግራ በኩል ያለው የላይኛውና የታችኛው የልብ ክፍል መሀል ያለው በር ጤነኛ ሲሆን 4 እስከ 6 ካሬ ሳንቲሜትር ይከፈታል፣ የሷ ጠባሳ ሆኖ ተጣብቆ ጠቧል። እርግዝና ላይ የደም መጠን ግማሽ ያህል ይጨምራል፣ ልብም ይፈጥናል፣ ልብ ሲፈጥን ደግሞ ያ ጠባብ በር ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል፣ ደሙ ወደ ሳንባ ይመለሳል። ፉጨቱ ሳንባዋ ውስጥ የተጠራቀመው የውሃ ነበር። እኔ ልብ የሚያፈጥን መድኃኒት ሰጥቼ የቀረችውን ሽርፍራፊ ጊዜ ቀማኋት።

ጋሽ ዶክተር ጠየቋት፣ ልጅ እያለሽ ጉልበትሽን አሞሽ ያውቃል? "አዎ ጉልበቴ አብጦ፣ እሱ ሲተወኝ ቁርጭምጭሚቴ፣ ምች ነው ብለው አጠኑኝ"። ከዛ በፊትስ ጉሮሮሽን? "እንጥሌ ወርዶ ተቆርጬ ነበር" አለች። ታሪኩ በሙሉ እዛች ሁለት መልስ ውስጥ አለ፣ መጀመሪያ ጉሮሮ፣ ከዛ መገጣጠሚያ፣ ከዛ የልብ በር ጠባሳ፣ ሩማቲክ የልብ በሽታ የምንለው፣ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ አልጠየቅኳትም።

ዳነች። ወንድ ልጅ በምጥ ወለደች። ስትወጣ ካርዷ ላይ "በየ28 ቀኑ ቤንዛቲን ፔንስሊን መርፌ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት፣ በወር ትመለስ" ብዬ በራሴ እጅ ጻፍኩ። ጋሽ ዶክተርም ጃፓን ውስጥ ካንጂ ኢኑዌ የሚባል ሐኪም ደረት ሳይቀደድ በጭን ደም ስር ፊኛ አስገብቶ እንዲህ ያለውን በር እንደሚከፍት፣ በ1984 እ.ኤ.አ. እንዳሳተመው ሻይ እየጠጣን ነገሩኝ። ካርዲዮሎጂን የመረጥኩት ያን ቀን ነው።

እሷ ግን በወሩ አልመጣችም። በሁለት ወሩም። ስልክ የለ፣ አድራሻ ተብሎ ካርዱ ላይ የተጻፈው "ደላንታ" ብቻ ነው። ዛሬም ድረስ የት እንደደረሰች አላውቅም።

ከዛ በኋላ ስፔሻላይዝ አደረግኩ፣ ካርዲዮሎጂ ተማርኩ፣ ውጭም ቆየሁ፣ ካቴተር (በደም ስር ወደ ልብ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ) ያዝኩ፣ አስተማሪ ሆንኩ። የመጀመሪያ የምርምር ወረቀቴን ስጽፍ ሠንጠረዡ መጨረሻ ላይ የምታውቋት መስመር አለች፣ "ከክትትል የጠፉ"። ቁጥሯን ሞልቼ ወደ ቀጣዩ አለፍኩ። ሁለተኛው ወረቀት ላይም። ሦስተኛው ላይ ሌሊት እየሠራሁ እዛች መስመር ጋ ስደርስ እጄ ቆመ፣ የደላንታዋ ሴት እዛ ውስጥ ናት። ባልታተመው በኔ ሠንጠረዥ የመጀመሪያዋ የጠፋች እሷ ናት። አስተማሪ በወረቀት ብዛት ደረጃ ያድጋል፣ ስንት በሽተኛ ለመርፌው ተመለሰ ብሎ የሚጠይቅ ፎርም ግን እስከዛሬ ሞልቼ አላውቅም። ለተማሪዎቼ ያልነገርኳቸው ግማሽ ይሄ ነው።

---

ሲቱ_ነኝ፦

ዶክተር እንባዬ መጣ እውነት። እኔ ሲ ቱ ነኝ፣ ኢንተርናል ሜድስን ላይ ነኝ አሁን። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እኛ ጋ ቤድሳይድ ላይ 14 ሆነን አንድ በሽተኛ እንከባለን፣ ሁሉም ሰምተሃል ሲባል "አዎ" ይላል፣ እኔም "አዎ" እላለሁ ግን አልሰማሁም። መርመር (ያን ከምቱ ኋላ የሚመጣ የልብ ጉርምርምታ) እስካሁን በትክክል ሰምቼ አላውቅም። ካርዲዮሎጂ መማር እፈልጋለሁ ግን ጆሮዬ የማይረባ ይመስለኛል።

---

ከጦሳ_ስር፦

ሲቱ ጆሮህ ምንም አልሆነም፣ ጊዜና ቦታ አላገኘህም። 14 ሰው ከቦ የሚሰማ ዲያስቶሊክ (ከሁለተኛው ምት በኋላ የሚመጣ) መርመር የለም። እንዲህ አድርግ፣ ማታ ጠያቂ ከወጣ በኋላ ዋርዱ ጸጥ ሲል ብቻህን ሂድ። በሽተኛውን አስፈቅድ፣ ስምህን ንገረው፣ እጁን ያዝ። ወደ ግራ አዙረው፣ በጣትህ የልብ ምቱ የሚነካበትን ቦታ ፈልግ፣ ቤሉን እዛው በስሱ አሳርፍ፣ ከተጫንከው ቆዳው ራሱ እንደ ማዳመጫው ሰፊ ጎን፣ እንደ ዲያፍራሙ፣ ይሆንና ዝቅተኛውን ድምፅ ያጠፋብሃል። ሌላውን ሁሉ ትተህ ከሁለተኛው ምት በኋላ ያለውን ክፍተት ብቻ አምስት ደቂቃ ስማ። ካልሰማህ በማግስቱ ድገም። "አልሰማሁም" ማለትንም ልመድ፣ እኔ የሚያሳስበኝ ሁሌ "አዎ" የሚለው ተማሪ ነው።

---

አይጠየፍ12፦

ጽሑፉ ጥሩ ነው ግን ልከራከር። በዚህ ዘመን ኪስ ውስጥ የሚገባ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) አለ፣ ስልክ ላይ ሰክተህ ቫልቩን፣ የልቡን በር፣ በአይንህ ታያለህ፣ ለምንድነው ልጆቹን በ1816 መሣሪያ የምናደርቃቸው? የማዳመጫው ፈጣሪ ላኔክ ወረቀት ጠቅልሎ ደረት ላይ የለጠፈው ሌላ ስላልነበረው ነው። እኔ ራዲዮሎጂ ነኝ፣ መርመር የሌለው የታመመ ቫልቭ ስንቱን አይቻለሁ።

---

ከጦሳ_ስር፦

አይጠየፍ ትክክል ነህ፣ ይሄን እኔም ዘግይቼ ነው የተቀበልኩት። ኤድለርና ኸርትዝ በ1953 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ ልብን በአልትራሳውንድ ሲያዩ ጆሯችን የማይደርስበትን በር ነው የከፈቱት። ሰሜን ኡጋንዳ የተሠራው ጥናት አለልህ፣ በ2021 መጨረሻ እ.ኤ.አ. የወጣው። ልጆችን በኢኮ እየመረመሩ ገና ምልክት የሌለው ሩማቲክ የልብ ጉዳት ያለባቸውን 818 ወስደው ግማሾቹን በየወሩ ፔንስሊን ወጉ ግማሾቹን ተከታተሉ። በሁለት አመት መርፌ ከወሰዱት 3 ልጆች ባሰባቸው፣ ካልወሰዱት 33። እነዚህን ልጆች በጆሮ አታገኛቸውም፣ መርመርም የላቸው።

ግን ደግሞ ና ወደ ኛ አገር። ተንታ ወይ ወረኢሉ ጤና ጣቢያ ያለው ወጣት ባለሙያ ነገ ኢኮ አያገኝም፣ ማዳመጫ ግን አንገቱ ላይ አለ። ዛሬ ማታ "አስም" የሚል ሪፈር የሚጽፈው እሱ ነው። በተጨማሪም ማዳመጫ ስታሳርፍ በሽተኛዋ አጠገብ አምስት ደቂቃ ትቀመጣለህ፣ እዛ ተቀምጠህ ነው "ጉልበትሽን አሞሽ ያውቃል?" የሚለው ጥያቄ የሚመጣልህ። የኔ ጥፋት ድቤውን አለመስማቴ ብቻ አልነበረም፣ አለመቀመጤም ነው።

---

ኤችኦ_ተንታ፦

ዶክተር እኔ ኤችኦ (ጤና መኮንን) ነኝ፣ ያሉት ጤና ጣቢያ ላይ ነው የምሠራው፣ ያሉት እውነት ነው። ግን ከኛም በኩል ይሰማ፣ ሪፈር ስንጽፍ መልስ አይመጣም። አስም ብለን የላክናት ሴት አስም ይሁን ልብ ማንም አይነግረን ስለዚ የሚቀጥለውንም አስም እንላለን። አንድ ቀን አንድ ስፔሻሊስት የላኩትን ልጅ "ምርመራህ ተሳስቷል ግን መላክህ አድኖታል" ብሎ በወረቀቱ ጀርባ ጽፎ መለሰልኝ፣ ወረቀቱን እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ሁለተኛ የቤንዛቲን ነገር፣ አንዳንድ ጊዜ ያልቃል፣ ሲኖርም ባለሙያው ይፈራል። እኛ አካባቢ አንድ ልጅ መርፌ ተወግታ ሞተች ሲባል ለአመት ማንም አልወጋም።

---

ሲስተር_ከቦርከና፦

ኤችኦ የፍርሃቱን ነገር በደንብ አውቀዋለሁ፣ እኔ የክትትል ክሊኒክ ላይ የወር መርፌ የምወጋ ነርስ ነኝ፣ ስንት አመቴ ነው። ቤንዛቲን ወፍራም ነው እንደ ወተት፣ ካልነቀነቃችሁት ይረጋል ቀጭን መርፌ ከያዛችሁ ደግሞ መሀል ላይ ይዘጋባችሁና ልጁን ሁለቴ ትወጋላችሁ ከዛ ልጁ በሚቀጥለው ወር አይመጣም በቃ። 21 ቁጥር መርፌ፣ መድኃኒቱን በእጅ መሀል ይዞ ሞቅ ማድረግ፣ አስተኝቶ ቀስ ብሎ ሁለት ሦስት ደቂቃ ወስዶ መስጠት። እኔ ልጆቹን የእግር ጣታችሁን አወዛውዙ እላቸዋለሁ ይረሱታል። ካለቀ በኋላ ሃያ ሰላሳ ደቂቃ እዛው ይቆያሉ፣ አለርጂ ቢነሳ አድሬናሊን አጠገቤ አለ። የምትፈሩ ባለሙያዎች አንድ ቀን መጥታችሁ አጠገቤ ቁሙ።

---

ከጦሳ_ስር፦

ሲስተር ያንቺ ጽሑፍ ከኔ ይበልጣል። ለኤችኦና ለሌሎችም አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር አለ። ከወር መርፌ በኋላ ሞቱ የተባሉ አንዳንድ በሽተኞች ሁኔታቸው ሲታይ አለርጂ አይመስልም። ቫልቫቸው በጣም የተበላሸ፣ ልባቸው የደከመ፣ በፍርሃትና በሕመም የደም ግፊታቸው ወርዶ መቋቋም ያቃታቸው ናቸው። ስለዚህ ልባቸው እንዲህ ለደከመ ሰዎች የሚዋጥ ፔንስሊን ይሻላል ይላል፣ ለሌላው ሁሉ መርፌው ይቀጥላል። ሲወጉ ተኝተው፣ ውሃ ጠጥተው፣ የሆነ ነገር ቀምሰው። ያቺ ተንታ አካባቢ የሞተችው ልጅ ከየትኛው እንደነበረች አላውቅም፣ ግን በሷ ምክንያት አመት ሙሉ ሳይወጉ የቀሩት ልጆች ያሳስቡኛል።

ሪፈር ወረቀት ጀርባ ላይ መልስ መጻፍን ግን ከነገ ጀምሮ ሬዚደንቶቼን (ስፔሻሊቲ የሚማሩትን ሐኪሞች) አስገድዳለሁ፣ እኔም እጽፋለሁ። ይሄን ካንተ ተማርኩ ኤችኦ።

---

ከዲሲ_የወሎ_ልጅ፦

የተከበሩ ዶክተር፣ እኔ ከአገር የወጣሁት ሐኪም ነኝ፣ የሐይቅ ልጅ። እዚህ ኢኮውም ካትላቡም (በካቴተር ልብ የሚታከምበት ክፍል) ሁሉም አለ። ጽሑፍዎን አንብቤ ሌሊት አልተኛሁም። አገር ቤት አካዳሚክ ላይ የነበርኩ ጊዜ ጠዋት ራውንድ፣ ከሰአት ሌክቸር፣ ማታ የግል ክሊኒክ ለቤት ኪራይ፣ ሌሊት ወረቀት። ልጄ "አባዬ ሆስፒታል ነው የሚኖረው" ብላ ለአስተማሪዋ ተናግራለች። ወጣሁ። ወረቀት ለምን እንደምንጽፍ ግን አሁንም አይገባኝም፣ ማን ያነበዋል? በሽተኛ ያየ ሰው ወረቀት ባይጽፍስ?

---

ከጦሳ_ስር፦

ወንድሜ መውጣትህን አልፈርድብህም፣ እኔም ሁለቴ ሻንጣ አስሬ ፈትቻለሁ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ በጦርነቱ የኛ ሆስፒታሎች ተዘርፈው ባዶ ግድግዳ ሆነው ሳይ ሦስተኛውን ላስር ነበር። ያቆመኝ ትልቅ ነገር አይደለም፣ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን መድኃኒት) የሚወስዱ በሽተኞቼ ደማቸውን የሚለካላቸው አጥተው በር ላይ ተሰልፈው አገኘኋቸው፣ ማን ጋ ልተዋቸው።

የወረቀቱን ነገር ግን ልሞግትህ። ልብ ምታቸው የተዛባ የሩማቲክ በሽተኞች ዋርፋሪን ይውሰዱ ወይስ አዲሶቹን መድኃኒቶች? አዲሶቹ ክትትል አይፈልጉም፣ ጎመን በላህ አልበላህ አይሉም፣ ፈረንጅ አገር በሌላ አይነት በሽተኛ ተፈትነው አሸንፈዋል። እኔ ራሴ ገንዘብ ላለው በሽተኛ "አዲሱን ግዛ" ማለት ጀምሬ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. ኢንቪክተስ የሚባለው ጥናት ወጣ፣ አፍሪካ፣ ኤሽያና ላቲን አሜሪካ ውስጥ ከ4500 በላይ ሩማቲክ በሽተኞች ላይ። ርካሹ ዋርፋሪን በለጠ። ከአዲሶቹ አንዱን፣ ሪቫሮክሳባንን፣ ከወሰዱት ይልቅ ዋርፋሪን የወሰዱት ዘንድ ሞት አነሰ። ይሄን ማንም ውጭ ተቀምጦ ሊገምተው አይችልም ነበር፣ የኛን በሽታ በኛ በሽተኛ ላይ ካልጠየቅነው የሌላ ሰው መልስ ይዘን ነው የምናክመው። ወረቀት ለዚህ ነው። ለደረጃ እድገት ብቻ የሚጻፈውን ከሆነ ያልከው፣ እስማማለሁ፣ እኔም ጽፌያለሁ፣ ማንም አላነበባቸውም።

ደግሞ የአካዳሚክ ሸክሙን ነገር ስታነሳ ቦንጋኒ ማዮሲ ትዝ ይለኛል። የደቡብ አፍሪካው የልብ ሐኪም፣ ትራንስካይ ገጠር ያደገ፣ ሩማቲክ የልብ በሽታን የድሃ በሽታ ነው ብሎ ዓለም ሲረሳው አፍሪካን አሰባስቦ ያስታወሰ ሰው። በ2015 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ በአፍሪካ ኅብረት ጥላ ስር የሩማቲክ የልብ በሽታ ምክክር ተደርጎ መግለጫ ሲወጣ ከመሪዎቹ አንዱ ነበር። ከ2016 ጀምሮ የኬፕታውን የጤና ሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ሆነ፣ በ2018 በ51 አመቱ ከድብርት ጋር ሲታገል ቆይቶ ሕይወቱ በራሱ እጅ አለፈች። በዚያው አመት ግንቦት ላይ የዓለም ጤና ጉባኤ ስለ ሩማቲክ የልብ በሽታ ውሳኔ አሳልፎ ነበር፣ ሁለት ወር ብቻ ኖረበት። የሰው ውስጥ አይታወቅም፣ ምክንያቱን እኔ አልናገርም። ግን እሱ ከሞተ ጀምሮ ሬዚደንቶቼን "ወረቀቱ የት ደረሰ?" ከማለቴ በፊት "እንቅልፍ ትተኛለህ?" እላለሁ። መጀመሪያ ያፍሩ ነበር፣ አሁን ይመልሱልኛል። ዲሲ ያለኸውም፣ ዛሬ ተኛ።

---

እማ_ሀያት፦

አሰላሙ አለይኩም ዶክተር አላህ እድሜ ይስጥዎ። እኔ ሐኪም አይደለሁም ልጄ ስልክ ላይ አንብባልኝ ነው እሷው ናት የምትጽፍልኝ። ሀያት 13 አመቷ ነው ልቧን ነው የሚያማት ሁለት አመት ሆናት መርፌ ከጀመረች እንደተባለው ጉሮሮዋን አሟት እንጥል ነው ብለን እኛው አስቆረጥናት። እኔ ነኝ የወሰድኳት። ያረቢ በኔ ነው ይሄ የመጣባት? ደግሞ ረመዳን ሊገባ ነው መርፌው ፆም ያስፈርሳል ሲሉኝ ሰው አምና አንድ ወር አሳለፍናት ምን ላድርግ

---

ከጦሳ_ስር፦

ወአለይኩም ሰላም እማ ሀያት፣ እንኳን ጠየቁኝ። አብሽሪ እናቴ። በሽታው የመጣው እንጥል ስለተቆረጠ አይደለም። ጉሮሮዋ ላይ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ጀርም ነበር፣ ሰውነቷ ያን ጀርም ሲዋጋ የልቧን በር ከጀርሙ ጋር አመሳስሎ መታው። ጉሮሮው ከታመመ እስከ 9 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እንኳ ፔንስሊን ቢሰጣት ልቧ ላይነካ ይችል ነበር፣ እንጥል መቁረጡ ግን ጀርሙን አያጠፋም፣ የዳነች ያስመስልና ቀኑን ያሳልፋል። እርስዎ ልጅዎን ሊያድኑ ነው የወሰዷት፣ የኛ ሥራ ነበር ቀድመን መጥተን መንገር። ታናናሾች ካሏት ጉሮሮ ሲያማቸው ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው፣ ለጎረቤትም ቡና ላይ ይንገሩልኝ፣ የኔን መቶ ሌክቸር የሚያክል ነው።

የፆሙን ነገር፣ እኔ ሐኪም ነኝ እንጂ ዓሊም አይደለሁም፣ መርፌ ያስፈርሳል አያስፈርስም የሚለውን ሸሆቹን ይጠይቁ። በኔ በኩል ያለውን ልንገርዎ። ቀኑ ማለፍ የለበትም፣ መድኃኒቱ ደሟ ውስጥ የሚቆየው አራት ሳምንት ያህል ነው፣ ያቺ ባዶ ወር ላይ ጉሮሮዋን ካመማት የልቧ ጠባሳ ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ሳትበላና ሳትጠጣ መወጋቷ ጥሩ አይደለም ልትደክም ትችላለች። የመርፌዋ ቀን ረመዳን መጀመሪያ ላይ ከዋለ ጥቂት ቀን ቀደም ብላ ፆሙ ሳይገባ ትወጋ፣ ቀድማ ብትወስድ ምንም አትሆንም። የሚቀጥለው ደግሞ ከዒድ በፊት ከሆነ ማታ ከኢፍጣር በኋላ ተረኛ ነርስ እንድትወጋት እንነጋገራለን።

---

ሲስተር_ከቦርከና፦

እማ ሀያት ማታም ቢሆን እኛ ጋ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሁሌ አለ ብቻ ካርዷን ይዛችሁ ኑ። ዶክተር እኔ የምለው፣ ያ ደብተርዎ ለምን ለሁሉም ክሊኒክ አይደርስም?

---

ሲቱ_ነኝ፦

የምን ደብተር?

---

ከጦሳ_ስር፦

ሲስተር አጋለጥሽኝ። ተራ ባለመስመር ደብተር ናት፣ ልብስ ሰፊ የሚይዛት አይነት። ሦስተኛው ወረቀት ላይ እጄ ከቆመ በኋላ ነው የጀመርኳት። ስም፣ ቀበሌ፣ የመጨረሻ መርፌ፣ ቀጣይ መርፌ፣ ስልክ። ስልኩ አጠገብ አንድ አምድ ጨመርኩ፣ "የማን ስልክ?"። ምክንያቱም ግማሾቹ ጋ ስንደውል "እሷን አላውቃትም" ይሉናል። አሁን አምዱ ላይ እንዲህ ይላል፣ "የጎረቤት"፣ "የሱቁ"፣ "የቄሱ ልጅ"፣ "ወንድሟ ኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ ማታ ብቻ"፣ "አማቷ፣ ስለ ልብ እንዳይነገራት፣ መርፌ ብቻ በሉ"። ይቺን የመጨረሻዋን አንድ ኢንተርን ናት የጻፈቻት፣ አዲስ ሙሽራ ናት በሽተኛዋ፣ ልቧን ያማታል ከተባለ ትዳሯ እንዳይፈርስ ፈርታ። እንዲህ ያለውን ነገር ኮምፒውተር ላይ የቱ ቦታ ትሞላዋለህ? በየሰኞው ከሰአት አንድ ተማሪ ተቀምጦ ያለፈባቸውን ይደውላል። ሲቱ አንተም ተራህ ይደርሳል።

ለሁሉም ክሊኒክ ትድረስ ያልሽው ልክ ነው ሲስተር፣ ኤችኦም ካለበት ተንታ ይጀምርልን፣ ደብተሩን እኔ እልካለሁ።

---

ኤችኦ_ተንታ፦

እጀምራለሁ ዶክተር። አሁን በቃሌ የማውቃቸው 11 አሉኝ፣ የሁለቱን ስልክ ብቻ ነው የማውቀው፣ የአንዱ የሱቅ ነው።

---

እማ_ሀያት፦

አልሐምዱሊላህ ቀለል አለኝ። ሸሁንም ጠየቅናቸው ውሰዷት አሉ። የሀያት ቀን ረመዳን በገባ በአራተኛው ነው የሚውለው ስለዚ በዚህ ሐሙስ ይዣት እመጣለሁ። ካርዷ ግን አይጥ ትንሽ በልቶታል ቁጥሩ አይታይም

---

ከጦሳ_ስር፦

ሐሙስ ጥሩ ነው፣ ጠዋት ቁርስ አብልተው ውሃ አጠጥተው ያምጧት። ካርዱን እንዳለ ይዘውት ይምጡ፣ ካርድ ክፍል በስሟና በአባቷ ስም ይፈልጉታል። ስልኩ ደግሞ የልጅዎ ይሁን የማን፣ ሲመጡ ይንገሩን።